የጥርስ ሕመም እስኪነጋ የማይጠበቀው መቼ ነው?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጥርስ ሕመም ነው። ርዕሱ ሲነገር አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንዳላችሁ አይተናል። እድርና ጥርስ ምን አገናኛቸው? እድር የቀብር፣ የድንኳንና የንፍሮ ጉዳይ አይደለም ወይ? ነው እንጂ። ነገር ግን ጥርስ ሰውን እስከ ድንኳን የሚያደርስበት ጊዜ አለ፤ ያውም በጊዜው ሐኪም ቢያገኝ ሊተርፍ ይችል የነበረውን ሰው።

እኛ ሐኪም አይደለንም። የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ሲሆን ዕድሜያችንን የፈጀነው መዝገብ በመያዝና ደብዳቤ በመገልበጥ ነው። እዚህ የምናቀርበውም የጤና ባለሙያዎችን ጠይቀን፣ ያነበብነውን ጨምረን ያጠናቀርነውን ነው። መድኃኒት ለማዘዝ አልመጣንም። የመጣነው አንድ ነገር ለመለየት ነው፤ የትኛው የጥርስ ሕመም እስኪነጋ፣ ሲሆንም እስከ ሰኞ ይቆያል፣ የትኛው ደግሞ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን መኪና ተፈልጎ ይኬድበታል።

ሐሳቡ የመጣልን ከመዝገብ ነው። የእድሩን የሟቾች መዝገብ ወደ አዲስ ደብተር ስንገለብጥ «የሞት ምክንያት» በምትለው ጠባብ ዓምድ ውስጥ «በአጭር ሕመም»፣ «በድንገት»፣ «በጉሮሮ እብጠት» የሚሉ ቃላት ተጽፈው አገኘን። ጽሕፈት የለመደ ሰው እንዲህ ያለ ድፍን ያለ ዓምድ አይወድም። ስለዚህ «በጉሮሮ እብጠት» የተባለውን የአንዱን ቤት ሄደን ጠየቅን። ባለቤቱ የነገሩን እንዲህ ነው።

ሰውየው ገና አርባ አምስት ዓመት ያልሞላው አናጢ ነበር። ሐሙስ ዕለት ከታች በስተቀኝ ያለው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሱ ይጠዘጥዘው ጀመር። ጥርሱ ከድሮም የተበላ ነው። ዓርብ የሕመም ማስታገሻ ተገዝቶ ዋጠ። ቅዳሜ ጉንጩ አበጠ፤ ሕመሙ ግን ቀለል አለው። «ተሻለኝ» አለ፤ ቤተ ሰቡም ደስ አላቸው። እሑድ እብጠቱ ከጉንጩ ወደ አገጩ ሥር ወረደ። ምራቁን መዋጥ ስላቃተው ፎጣ ይዞ ይጠርግ ጀመር። ድምፁም ተለወጠ። ማታ ጋደም ሲል ትንፋሽ ስላጠረው ተቀምጦ አመሸ። «እሑድ የጥርስ ሐኪም አይገኝም፣ ሰኞ በጧት እንሄዳለን» ተባለ። ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ በባጃጅ ሲወሰድ መንገድ ላይ አረፈ።

ይህን ያነሣነው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ቤተ ሰቡ ያደረጉት እኛ ሁላችን የምናደርገውን ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልን። ሰውየው የሞተው ሕመሙ በበረታበት በሐሙስ አይደለም፤ ሕመሙ ቀለል ካለው በኋላ ነው። እኛ ሁልጊዜ የምንጠይቀው «ምን ያህል ያምሃል?» ብለን ነው። የጥርስ አደጋ ግን በሕመሙ ብርታት አይለካም። ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ የሚያስቧጥጥ ጥርስ እስኪነጋ ሊቆይ ይችላል፤ እምብዛም የማያም ነገር ግን ወደ አንገት የሚወርድ እብጠት ደግሞ አንድ ሌሊት እንኳ አይቆይም።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ ጥርስ ድፍን ድንጋይ አይደለም። በመካከሉ ነርቭና የደም ሥር የሚያልፍበት ክፍት አለው። ጥርሱ ሲበላና ቀዳዳው እዚያ ድረስ ሲዘልቅ ያ ሁላችን የምናውቀው ሕመም ይመጣል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሰው ከመቀመጫው የሚያስነሣው ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ነርቩ ይሞታል። ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ጋብ ይላል፤ ሰውም ድኛለሁ ይላል። ጀርሙ ግን አልሞተም። በጥርሱ ሥር ጫፍ ወጥቶ አጥንት ውስጥ መግል ይቋጥራል። መግሉ መውጫ ሲያጣ እንደገና ይጠዘጥዛል። አጥንቱን በስቶ ወደ ሥጋ ሲፈስ ደግሞ ግፊቱ ይቀንስና ሰውየው ለሁለተኛ ጊዜ «ተሻለኝ» ይላል። የአናጢው ቅዳሜ ይህች ቅዳሜ ነበረች።

መግሉ ከዚያ በኋላ የሚሄደው መንገድ ባገኘበት ነው። ብዙ ጊዜ ድድ ላይ እንደ ብጉር ሆኖ ይፈነዳል፤ ይህ ከሁሉ የቀለለው ነው፤ ቢሆንም ጥርሱ ካልታከመ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። የላይኛው ጥርስ ከሆነ ወደ ጉንጭና ወደ ዓይን ሥር ይወጣል። የታችኞቹ የኋለኞቹ መንጋጋዎች ግን ሥራቸው ወደ ታች የጠለቀ ስለሆነ መግላቸው ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ይወርዳል። ከአንገት ወደ ደረት የሚያግደው ነገር የለም። ምላስ ከሥር ሲያብጥበት ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋና የትንፋሹን መተላለፊያ ይደፍናል።

ይህን በሽታ በዝርዝር የጻፈው ቪልሄልም ፍሬድሪክ ፎን ሉድቪግ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1836 ነበር። እስከ ዛሬም በሐኪሞች ዘንድ በስሙ ይጠራል፤ የሉድቪግ አንጃይና ይሉታል፤ አንጃይና የሚለው ቃል ማነቅ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት በዚህ ከታመሙት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይሞቱ ነበር። ዛሬ በጊዜው ሐኪም ቤት የደረሰ አብዛኛው ይድናል። ልዩነቱ ያለው «በጊዜው» በምትለው ቃል ላይ ነው።

ደግሞ ይህ የድሃ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ አገር፣ በሜሪላንድ ክፍለ ሀገር፣ ዲያሞንቴ ድራይቨር የሚባል የ12 ዓመት ልጅ በየካቲት ወር 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) ሞተ። ምክንያቱ አንድ የተበላ ጥርስ ነበር። ጀርሙ ከጥርሱ ወደ አንጎሉ ገባ። ሁለት ጊዜ ጭንቅላቱ ተከፍቶ ታከመ፤ አልተረፈም። በጊዜው ጋዜጦች እንደጻፉት ጥርሱን ለማስነቀል 80 ዶላር ገደማ ይበቃ ነበር፤ ለሆስፒታሉ ሕክምና የወጣው ግን ከ250,000 ዶላር በላይ ነው። በእሱ ሞት ምክንያት ክፍለ ሀገሩ ለድሃ ልጆች የሚሰጠውን የጥርስ ሕክምና አሰፋ። ሰው ሁሉ ሲሞት ነው የሚነቃው፤ እዚያም እዚህም አንድ ነው።

እንግዲህ ምኑን እንይ? መጀመሪያ እብጠቱን እንይ። ጉንጭ ላይ ብቻ ያለ ለስላሳ እብጠት፣ ሰውየው የሚበላና የሚጠጣ፣ ትኩሳትም የሌለው ከሆነ፣ በማግስቱ ጧት ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ሳምንት ግን አይቆይ። እብጠቱ ወደ አገጭ ሥር ወይም ወደ አንገት ከወረደ፣ ሲነኩት እንደ እንጨት ከጠጠረ፣ ወይም ጧት ለውዝ ያህል የነበረው ማታ ሎሚ ካከለ፣ ያን ጊዜ መነሣት ነው። ወደ ላይ ሄዶ የዓይንን ቆብ ከከደነ፣ ዓይኑን ወደ ፊት ከገፋው ወይም ማየት ካደበዘዘበትም እንደዚሁ ነው፤ ከዓይን ጀርባ ወደ አንጎል የሚወስድ የደም ሥር አለና።

ቀጥሎ አፉን ክፈት በሉት። ጤነኛ ሰው የራሱን ሦስት ጣቶች ደርቦ፣ አንዱን ባንዱ ላይ አድርጎ፣ በፊት ጥርሶቹ መካከል ማስገባት ይችላል። ሁለት ጣት እንኳ አልገባም ካለ መንጋጋውን የሚያንቀሳቅሰው ሥጋ ተይዟል ማለት ነው። ምላስህን አውጣ በሉት። ማውጣት ካቃተው፣ ወይም ምላሱ ወደ ላይ ተሰቅሎ ከታየ መጥፎ ምልክት ነው።

ከዚያ ምራቁን ተመልከቱ። ምራቅ መዋጥ ያቃተውና በከንፈሩ የሚያዝረከርክ፣ ፎጣ ወይም ነጠላ ይዞ የሚጠርግ አዋቂ ሰው፣ ሌላ ምንም ባይታይበት እንኳ አይደር። ድምፁንም ስሙት። ባለሙያዎቹ እንዳስረዱን የዚህ በሽተኛ ድምፅ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ እንደያዘ ሰው ይሆናል። ለእኛ ለምዕራብ ሸዋ ሰዎች፣ የጀልዱን ድንች ከድስት አውጥተን እያቃጠለን ለምንበላ፣ ይህን ድምፅ ማስረዳት አያስፈልግም። በመጨረሻም መተኛት ይችል እንደሆነ ጠይቁት። ጋደም ሲል የሚታፈን፣ ተቀምጦ ወደ ፊት ካላዘነበለ የማይተነፍስ ሰው፣ ጉዳዩ የጥርስ መሆኑ ቀርቶ የነፍስ ሆኗል። ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለት ጋር፣ መቀባዠር፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ቢጨመርበት ይብሳል።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ እነዚህን ሁሉ ምልክቶች እስኪያሳዩ አይጠበቁም። የስኳር በሽታ ያለበት፣ የሰውነቱን የመከላከል ኃይል የሚቀንስ በሽታ ወይም መድኃኒት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ትንሽ ልጅ፣ በእነዚህ ላይ ፊት ካበጠ በዚያው ቀን ይወሰዱ። «ነፍሰ ጡር ጥርሷን አትታከምም» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ነፍሰ ጡር መሆኗን ለሐኪሙ ተናግራ ትታከማለች።

ወደ ሐኪም ቤት ሲኬድ በሽተኛውን በጀርባው አታስተኙት። ተቀምጦ፣ ወደ ፊት አዘንብሎ ይሂድ። የሚበላ አትስጡት። እብጠቱ ላይ ትኩስ ጨርቅ ወይም ትኩስ አመድ አታድርጉ። በምላጭ ለመክፈትም አትሞክሩ።

ስለ ቤት መድኃኒት ብዙ ጥያቄ ስለሚነሣ ትንሽ እንበል። ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ አይጎዳም። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሐኪሞችም ከእርሱ የሚወጣውን ዘይት ይጠቀሙበታል። ነጭ ሽንኩርት ጨቅጭቆ ድድ ላይ ማሰር ግን ድዱን ያቃጥለዋል። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥም እንደዚሁ ይልጠዋል፤ ኪኒን የሚሠራው ተውጦ ነው። አረቄ አፍ ውስጥ ማቆየት ጥቅሙ ለአረቄ ሻጯ ነው። ነጭ ጋዝና ቤንዚን የሚያደርጉም እንዳሉ ሰምተናል፤ ይህ መርዝ ነው። የእምቧይ ፍሬ ጭስ የጥርስ ትል ያወጣል የሚባለውም፣ ጥርስ ውስጥ ትል የሚባል ነገር ስለሌለ፣ የሚያወጣው የለም። ጥርስን የሚበላው ጀርም ስኳርና የምግብ ትራፊ እየበላ የሚያመነጨው አሲድ ነው።

የአምቦ ሰዎች ስለሆንን ስለ አምቦ ውሃም ሳንናገር ብናልፍ ትታዘቡናላችሁ። ፍል ውሃው ለታመመ ወገብና ለደከመ ጉልበት የሚሰጠውን ዕረፍት እናውቃለን፤ እንግዳ ሲመጣም ጠርሙሱን በኩራት እናቀርባለን። ነገር ግን የጥርስ መግል በአምቦ ውሃ ጉምጥማጦሽ አይደርቅም። እንዲያውም የጋዙ ውሃ ለተበላ ጥርስ ያሳምማል፤ ሞክሮ ያየ ያውቀዋል።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል መዋጥ ይቻላል። አዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራሙን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም፤ ጉበት ይጎዳል። ከባዱ ጥፋት ያለው አንቲባዮቲኩ ላይ ነው። ከመድኃኒት ቤት ሁለት ሦስት ፍሬ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ፣ ከጎረቤት የተረፈውን መለመን የተለመደ ነው። መግል የቋጠረ ነገር መውጫ ካልተከፈተለት ወይም ጥርሱ ካልተነቀለ በኪኒን ብቻ አይድንም። ኪኒኑ ለሁለት ቀን ያስታግስና ሰውየውን ያዘናጋዋል። ከዚያ በባሰ ሁኔታ ይነሣል።

በጉጠት ጥርስ የሚነቅሉ ሰዎች ዛሬም በየገበያው ዳር አሉ። ወጌሻ ሁሉ መጥፎ ነው አንልም፤ ስንቱን እጅና እግር የጠገኑ አሉ። ጥርስ ላይ ግን ያው ጉጠት ሳይቀቀል ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲገባ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል። ሥሩ ተሰብሮ ይቀራል፤ መንጋጋም ሊሰበር ይችላል።

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ደም አልቆም ሲል የሚደረገውን ማወቅ ለሁሉም ቤት ያስፈልጋል። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ፋሻ በውሃ አርጥቦ፣ ጠቅልሎ፣ ጉድጓዱ ላይ አድርጎ አጥብቆ መንከስ ነው። ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ሰዓት እያዩ መንከስ። የሚያበላሸው በየደቂቃው እየከፈቱ ማየት ነው፤ የረጋው ደም አብሮ ይነሣል። በዚያን ቀን መጉመጥመጥ፣ እትፍ እትፍ ማለት፣ ትኩስ ነገር መጠጣት፣ አረቄና ሲጋራ አይሆንም። ምራቅ በትንሽ ደም ቢቀላ አያስደነግጥም። ሁለት ጊዜ እንዲህ ተደርጎ ደሙ አፍ እየሞላ ከመጣ ግን፣ ወይም ሰውየው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ሐኪም ቤት ነው።

ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። በገና ሰሞን የገና ዱላና ሩር ሜዳ ላይ ሲወርዱ፣ ኳስ ሲጫወቱ፣ ከባጃጅ ሲወድቁ፣ ፈረስ ሲረግጥ፣ የፊት ጥርስ ከነሥሩ ይወልቃል። የወተት ጥርስ ከሆነ አይመለስም፤ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ጣራ ላይ ይወርውሩት። ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ የበቀለው ቋሚ ጥርስ ከሆነ ግን ሊተከል ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ጥርሱን ፈልጋችሁ በሚታየው በነጩ በኩል ያዙት፤ ሥሩን አትንኩ፣ አትፈትጉ። ቆሻሻ ካለበት በወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ አለቅልቃችሁ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ መልሱት፤ ልጁ ጨርቅ ነክሶ ይያዘው። ያ ካልተቻለ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ጨምራችሁ ሂዱ። ወተት በየቤቱ ባለበት አገር ይህ አያስቸግርም። በደረቅ ወረቀት መጠቅለል ጥርሱን ይገድለዋል። ውሃ ውስጥ ማቆየትም አይረዳም። ጊዜው አጭር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ጥሩ፣ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ተስፋው ይመነምናል። ከአደጋ በኋላ ጥርሶቹ እንደ ቀድሞው አልገጥም ካሉ ደግሞ መንጋጋው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ራሱን ስቶ ከነበረ ወይም ካስመለሰው፣ ጥርሱ ይቆይና መጀመሪያ ጭንቅላቱ ይታይ።

ስለ ሕፃናት ሁለት ነገር ቀርቶናል። አንደኛው «ግግ» የሚባለው ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ገና ያልበቀለ ጥርሱ ከድዱ ውስጥ በስለት ይወጣል። ይህ ጎጂ ልማድ ነው ተብሎ ለብዙ ዓመታት ሲነገር ኖሯል፤ አሁንም በጓዳ አልቀረም። ሕፃኑን የሚገድለው ተቅማጡና የውሃ ማጣቱ፣ በላዩም ከስለቱ የሚገባው ጀርም ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጦ እየሰጡ ወደ ጤና ኬላ መውሰድ ይገባል።

ሁለተኛው ኖማ የሚባለው ነው። በተለይ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ፣ ምግብ ያጠራቸው፣ ኩፍኝ ወይም ሌላ ሕመም ያደከማቸው ልጆች ላይ ይወጣል። ድዱ ይቆስላል፣ አፉ ክፉኛ ይሸታል፣ ጉንጩ ያብጣል፣ ከዚያም በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጩ ጠቁሮ ይበሳል። ካልታከመ ከአሥር ልጆች እስከ ዘጠኙን ሊገድል ይችላል፤ የተረፈውም ፊቱ ተበልቶ ይቀራል። በአገራችን ይህ በሽታ አለ፤ ከገጠር መጥተው ፊታቸውን በአዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ያስጠገኑ ወገኖች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተራ ያስገባው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው። ገና ድድ ላይ ሳለ ሲደረስበት ግን በተራ አንቲባዮቲክ፣ አፍን በማጽዳትና በምግብ ይድናል። ስለዚህ በኩፍኝ የደከመ ልጅ አፉ ከሸተተ «ጥርስ እያበቀለ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

አንድ ሌላ፤ ይህም ለእኛ ለሽማግሌዎች ነው። ዳገት ሲወጣ የሚነሣ፣ ሲያርፍ የሚተው የታችኛው መንጋጋ ሕመም፣ በተለይ ደረት ከመጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፣ ጥርስ ላይሆን ይችላል፤ ልብ ነው። እሱም አይደር።

አሁን ስለ መሄጃው። ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ያለን ሰዎች ትልቁ ስሕተታችን «የጥርስ ሐኪም» ፍለጋ ነው። ትንፋሽ የሚያሳጥር እብጠት የጥርስ ክፍል ጉዳይ አይደለም። የጥርስ ክፍል ቅዳሜና እሑድ ሊዘጋ ይችላል፤ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግን አይዘጋም። በአምቦ አጠቃላይ ሆስፒታሉና የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል አሉ። ከጉደር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሌሊትም ቢሆን ይደረሳል። ራቅ ያለ ገጠር ያላችሁ መጀመሪያ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እዚያ የመጀመሪያውን መርፌ ሰጥተው፣ የወረዳውን አምቡላንስ ጠርተው በሪፈር ወረቀት ይልካሉ። ከአምቦ በላይ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ ነው፤ 115 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስለሆነ ትንፋሹ ሳይጠብ መነሣት ያስፈልጋል። እዚያ እንደ የካቲት 12 ሆስፒታል ባሉት የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና አለ።

በር ላይ የምትናገሩትም ቃል ዋጋ አለው። ይህን እንደ ጸሐፊ እንነግራችኋለን፤ ካርድ ክፍል የተቀመጠ ሰው የሚጽፈው የተነገረውን ነው። «ጥርሱን አሞት ነው» ካላችሁ ወደ ተራ ሰልፍ ትላካላችሁ። «መዋጥ አልቻለም፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አንገቱ ካበጠ ይህን ያህል ሰዓት ሆነ» በሉ። መቼ እንደጀመረ፣ ምን ኪኒን በስንት ሰዓት እንደዋጠ፣ ስኳር ወይም የደም ግፊት ካለበት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። መታወቂያውና የጤና መድን ደብተሩ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ፤ በሌሊት ሣጥን ሲገለበጥ የሚጠፋው ጊዜ ቀላል አይደለም።

ወደ እድራችን እንመለስ። አናጢው ያን እሑድ ማታ ያልሄደው ሰኞን በመጠበቅ ብቻ አልነበረም። የኮንትራት መኪና የሚከፈል ገንዘብ በእጃቸው አልነበረም፤ በሌሊት የማንን በር እናንኳኳ ብለው አፈሩ። ማክሰኞ የእድሩ ገንዘብ ተቆጥሮ ለቤቱ ተሰጠ። ጥሩምባ ነፊያችን ሰኞ ጧት በአንድ ሰዓት ውስጥ መንደሩን በሙሉ አዳርሷል፤ ሁሉም ወጥቷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል። ያችው ገንዘብና ያው ሰው እሑድ ማታ ቢገኙ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለን ከኮሚቴው ጋር ተነጋገርን።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ እንዲህ የሚል ነው። ከመጠባበቂያው ገንዘብ ላይ ለድንገተኛ ሕመም ማጓጓዣ የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ ተነሥቶ በገንዘብ ያዡ ቤት ይቀመጥ። ለጥርስ ብቻ አይደለም፤ ለወላድም፣ ለአደጋም ነው። አባሉ ያለ ወለድ ይበደራል፤ በሦስት ወር ከወርኃዊ መዋጮው ጋር ይመልሳል። በሌሊት የአንድ ሰው ፊርማ ይበቃል፤ የሁለተኛው ሲነጋ ይሞላል። በሌሊት ለመውጣት ፈቃደኛ የሆኑ ባለ ባጃጆችና ባለ መኪናዎች ስልክ በእድሩ ቤት በር ላይ ይለጠፍ፤ ሦስት ሰዎች ከወዲሁ ስማቸውን አስመዝግበዋል። ጥሩምባ ነፊያችንም ለበሽተኛ በሌሊት ቢቀሰቀሱ ቅር እንደማይላቸው ነግረውናል፤ ጥሩምባውን ግን አይነፉም፣ ሰው ሞተ ተብሎ እንዳይደነገጥ።

የውሳኔው ረቂቅ ተጽፎ በጠረጴዛው ላይ ይገኛል። ማሻሻያ ያለው አባል አሁን እጁን ያውጣ።